ካራቫኗ፣ ምጣዱና 1,600 ኪሎ

ሳምንት 1

ገዛናት። ባለ 16 ጫማ ካራቫን፣ በመኪና የምትጎተት ቤት፣ አንድ አክስል፣ የ1996 ሥሪት። ሻጩ 11,000 ዶላር ብሎ ጀመረ፣ በ9,200 ተስማማን። «አንዲት ጠብታ ውሃ አታስገባም» አለኝ። ይህን ቃሉን እዚህ የጻፍኩት በኋላ እንዳልረሳው ነው።

እቅዱ ቀላል ነው። ከፐርዝ ተነስተን፣ የምዕራብ አውስትራሊያን ባሕር ዳርቻ ይዘን ወደ ሰሜን እስከ ኤክስማውዝ። 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ፣ ሁልጊዜ ያው መስመር፣ ማታ ማታ ያው ዴፖ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወሬ ነው። ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራዋን ያቆመችው አምና ነው። ወዳጆቻችን «አገር ቤት ገብታችሁ አታርፉም ወይ» ይሉናል። እንገባለን። መጀመሪያ ግን የኖርንበትን አገር እንየው።

እዚህ አሁን በጋ ነው፣ ዛሬ 41 ዲግሪ ገብቷል። ሰሜኑ በበጋ አይሞከርም። ሙቀቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ የሳይክሎን፣ የከባድ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ነው። ስለዚህ ፋሲካን ከልጆቹ ጋር ፈስከን ነው የምንወጣው። አሥራ አምስት ሳምንት አለኝ።

ዛሬ ግቢ ካቆምኳት በኋላ ጎማዎቹን አየሁ። ጥርሳቸው አዲስ ይመስላል። ጎናቸው ላይ ያለው አራት አሃዝ ግን 2311 ይላል፣ በ2011 በ23ኛው ሳምንት ተመረቱ ማለት ነው። ጎማ ሳይሄድም ያረጃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ጎማ ሳላይ ያልወጣሁ ሰውዬ፣ ገንዘቤን ከፍዬ ግቢዬ ካስገባሁ በኋላ ነው ያየሁት። ጓጉቼ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሩ አጠገብ የተለጠፈች ላሜራ አለች። ባዶ ክብደት 1,270 ኪሎ፣ ከነጭነቱ ከፍተኛው 1,600። ልዩነቱ 330 ኪሎ ነው። ለሁለት ሽማግሌዎች ይተርፋል ብዬ አለፍኩት።

ሳምንት 2

ታፈሳለች።

ግድግዳውን በአውራ ጣት እየተጫንኩ ዞርኩ። ከፊት መስኮት ሥር፣ በግራ ጥግ፣ ጣቴ እንደ እርጥብ ካርቶን ሰመጠ። የውስጡን ኮምፔርሳቶ ስገነጥለው ሞራሌው በእጄ ፈረፈረ። በጣት የሚበተን ጣውላ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፣ የደረቀ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ሽታው ደግሞ የክረምት ምድር ቤት።

ውሃው ከየት እንደሚገባ ለማወቅ ባለቤቴን ባትሪ አስይዤ ውስጥ አስገባኋት፣ እኔ በጎማ ቱቦ ከላይ ውሃ ለቀቅሁ። «የት ነው?» ስላት «ሁሉም ቦታ» አለችኝ። ስህተቴ ይህ ነው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያርሳል፣ ምንም ሳታውቅ ትቀራለህ። ከታች ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ የመስኮቱ ሥር፣ አሥር ደቂቃ፣ ደረቅ ከሆነ አንድ ስንዝር ከፍ። በማግስቱ ደርቃ በትክክል ሞከርን። ሁለት ቦታ ተገኘ፣ አንዱ የመስኮቱ የላይ ጠርዝ፣ ሁለተኛው ጣሪያው ከፊት ግድግዳው ጋር የሚጋጠምበት።

የቀድሞው ባለቤት በተሰነጠቀ ቁጥር ሲሊኮን እየቀባ ኖሯል። ሲሊኮን ላይ ሲሊኮን፣ እሱም ላይ ሌላ። ችግሩ ሲሊኮን አንዴ ከነካው በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር አይይዝም፣ ተፍቆ ማለቅ አለበት። በፕላስቲክ መፋቂያና በነጭ ጋዝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንዴ በብረት መፋቂያ ልሞክር ብዬ አሉሚኒየሙን ቧጨርኩት። ጭረቱ አሁንም አለ።

ሳምንት 3 እና 4

የበሰበሰውን ቆርጬ አዲስ ሞራሌ አስገባሁ። 90 ዶላር እንጨት፣ 64 ዶላር ኮምፔርሳቶ። መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ጠርዙ ላይ ቢዩታል ቴፕ አዞርኩ። ቢዩታል ማለት እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ የማይደርቅ ማሸጊያ ነው። ካራቫን ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፣ የሚደርቅ ነገር ይሰነጠቃል፣ ይህኛው አብሮ ይላወሳል። ሦስት ጥቅል፣ 57 ዶላር።

የዚህ ሳምንት ውርደት ደግሞ ቪቴ ነው። ቤት የነበረ የ50 ሚሊ ሜትር ቪቴ አለ ብዬ ሞራሌውን ከውስጥ ሳስር አንዱ በአሉሚኒየሙ በኩል ብቅ አለ። ከውጭ ስታያት ጥፍር አውጥታለች። 35 ሚሊ ሜትር ነበር የሚበቃው። ቀዳዳውን ዘጋሁና ላዩ ላይ የቁጥር ስቲከር ለጠፍኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ጌጥ ነው እላለሁ።

እንደገና ውሃ ለቀቅን። ደረቅ። ባለቤቴ ውስጥ ሆና «ምንም የለም» ስትል አላመንኳትም፣ ሶፍት ይዤ ገብቼ ጥጉን ዳበስኩ። ሶፍቱ ደረቅ ወጣ።

ሳምንት 5

ከሥር። ክሪክ፣ መደገፊያ፣ ጎማ ወጣ፣ የፍሬን ታምቡሩ ተከፈተ። ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ደርቋል። ለሁለቱም ጎማ አዲስ ኩሽኔታ ከነማሸጊያ ጎማው ገዛሁ፣ 110 ዶላር። የፍሬኑ ማግኔቶችም አልቀዋል። ፍሬኗ የኤሌክትሪክ ነው፣ ከመኪናዋ ውስጥ በመቆጣጠሪያ ነው የሚታዘዘው። ሁለት ማግኔት 96 ዶላር። ጎማ ሦስት፣ ትርፉን ጨምሮ፣ 510።

ኩሽኔታ ማሰር የማውቀው መስሎኝ ነበር። ዳዶውን ጠበቅ አድርጌ፣ እንዳይፈታ የምታደርገውን ፒን አስገብቼ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ነድቼ ተመለስኩ። ወርጄ የጎማውን መሐል በእጄ ስነካ እጄን አነሳሁት። እሳት ላይ የተጣደ ጀበና ነው የሚመስለው። ከመጠን በላይ ጠብቋል። አገባቡ ሌላ ነው። ጎማውን እያሽከረከርክ ታጠብቃለህ፣ ኩሽኔታው ቦታውን ይይዛል፣ ከዚያ ትለቀዋለህ፣ ከዚያ በጣት ብቻ መልሰህ ታጠብቃለህ፣ ፒኑን ታስገባለህ። ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ስትነቀንቀው በጭንቅ የምትሰማ ያህል ልቅነት ብቻ ይኑረው። አስተካክዬ ያንኑ መንገድ ደገምኩት። እጄ ላይ ለብ አለ፣ በቃ።

ከዚያ ወዲህ በርቀት ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ 35 ዶላር። በቆምኩ ቁጥር ሁለቱንም ጎማ ለክቼ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ራሱ ብዙም አይነግርህም፣ የሁለቱ ልዩነት ነው የሚናገረው።

ሳምንት 6

ኤሌክትሪክ። የ240 ቮልቱንና የጋዙን ሥራ እዚህ አገር ፈቃድ የሌለው ሰው አይነካም፣ እኔም አልነካሁም። ለጋዙ ባለሙያ መጥቶ የምድጃውን ቱቦ ቀየረና የምስክር ወረቀት ጻፈ። ለኤሌክትሪኩ ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው ልጅ አለ፣ ፈቃድ ያለው። ቅዳሜ መጥቶ ሠራልኝ። ለዕቃው ብቻ ተቀበለኝ፣ ለእጁ አልተቀበለም፣ ምሳ በልቶ ሄደ።

የ12 ቮልቱን ራሴ ዘረጋሁ። ጣሪያ ላይ 200 ዋት ሶላር፣ ከውስጥ 100 አምፔር ሰዓት የሊትየም ባትሪ፣ ከመኪናዋ ዲናሞ የሚሞላ ቻርጀር፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 240 የሚቀይር ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር። ሁሉም ተደምሮ 1,640 ዶላር። ልጁ ኢንቨርተሩን አይቶ «ጋሼ፣ ይሄ ትልቅ ነው፣ ምን ሊሠራልዎት ነው?» አለኝ። «ለምጣድ» አልኩት። ዝም አለ። ሲስቅ ግን አየሁት።

ምጣዱ ሜልቦርን ያለችው የባለቤቴ እህት የላከችላት ነው። 1,500 ዋት። ማሰሻው ተዘጋጀ፣ ሊጡ ቀረበ፣ ሰካነው። መብራቱ በራ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ሄደና ሁሉም ነገር ድርግም አለ።

ሒሳቡን ያኔ ነው የሠራሁት። 1,500 ዋት ለ12.8 ቮልት ሲካፈል 117 አምፔር ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር 130 ይጠጋል። ባትሪው ደግሞ ከ100 አምፔር በላይ አልሰጥም ብሎ ራሱን ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የተሠራው ለዚሁ ነው። ቢሰጥ እንኳ ጠቅላላ ያለው 1,280 ዋት ሰዓት ነው፣ ምጣዱ ሳያቋርጥ ከሠራ 50 ደቂቃም አይሞላው። በ50 ደቂቃ ምጣዱ ሰምቶ፣ ተሟሽቶ፣ ስንት እንጀራ?

ስለዚህ እንጀራ የሚጋገረው የካራቫን ማረፊያ ውስጥ መብራት ያለበት ቦታ ስንይዝ ብቻ ነው፣ ባለ 15 አምፔሩ መሰኪያ ይችለዋል። ኢንቨርተሩን አልመለስኩትም። ለስልክና ለላፕቶፕ ይሆናል። ለስልክ 2,000 ዋት።

ሳምንት 8

ሙከራ፣ ከፐርዝ በስተሰሜን እስካለችው የባሕር ዳር ከተማ ላንስሊን፣ አንድ ሌሊት። የፈለግነውን ሁሉ ጫንን። መንገዱ ባሕሩን ይዞ የሚሄድ ጥሩ አስፋልት ነው። 95 ላይ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ አለፈኝ። ሲያልፍ ካራቫኗ መጀመሪያ ወደ እሱ ተሳበች፣ ከዚያ ወደ ዳር፣ ከዚያ ተመለሰች፣ እየባሰባት። በመስታወት ግራ ጎኗን አየሁ፣ ቀኝ ጎኗን አየሁ፣ ግራ ጎኗን አየሁ። ባለቤቴ የበሩን እጀታ ይዛ «በስመ አብ» አለች።

የመኪናውን ፍሬን አልረገጥኩም፣ ብረግጥ ትገለብጠን ነበር። እግሬን ከነዳጁ አንስቼ የካራቫኗን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ጫን አደረግሁት። ቀጥ አለች። ዳር ይዤ ቆምኩና ወርጄ አንድ ዙር ዞርኳት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልሳ ሰው ጭኜ ስነዳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ምክንያቱን ማታ አገኘሁት። ጋንቾዋ፣ ከመኪናዋ ጋር የምትያያዝበት፣ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው አሥር በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። እንጨት አቁሜ ከሥሩ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አድርጌ ለካሁ፣ 70 ኪሎ። የመሣሪያ ሳጥኔን፣ ሁለተኛውን ትርፍ ጎማና የእንጨት መደገፊያዎቹን ሁሉ ከኋላ ደርድሬያቸዋለሁ። ጅራቷ ከብዶ አፍንጫዋ ቀሏል።

ሳምንት 9

ሚዛን። የጭነት መኪና የሚመዘንበት ቦታ ሄጄ ካራቫኗን ከመኪናዋ ፈትቼ ለብቻዋ አስመዘንኳት። 1,740 ኪሎ። ከተፈቀደው 140 በላይ። እንዲህ ሆነህ ብትጋጭ ኢንሹራንሱም ፊቱን ያዞርብሃል።

ግቢ ውስጥ ሁሉንም አውርደን በቤት ሚዛን አንድ በአንድ መዘንን። የእኔ የብረት የመሣሪያ ሳጥን 41 ኪሎ። ሁለተኛው ትርፍ ጎማ 19። ሁለተኛው የጋዝ ሲሊንደር 18። የሸክላ ሳህኖቹ 11። ውሃው ሁለት ታንከር ነው፣ እያንዳንዱ 55 ሊትር፣ ያው 55 ኪሎ። ውሃ ክብደት አለው ብሎ ማን ያስባል? ሁለቱንም ሞልቼ ነበር የወጣሁት።

ምጣዱ 9 ኪሎ ነው። ይቅር አልኩ። «የአንተ ሳጥን 41፣ የእኔ ምጣድ 9፣ ይቅር የሚባለው የእኔ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሳጥኑን ከፍቼ በእውነት የሚያስፈልገኝን መረጥኩ። ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቪቴ፣ የዳዶ ቁልፎች፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ክሪክ፣ ግራሶ፣ አንድ መለዋወጫ ኩሽኔታ። ጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ገቡና ወደ መኪናዋ ሄዱ። መኪናዋም የራሷ ልክ አላት፣ ግን ቦታ ነበራት። ሳጥኑ፣ ጎማው፣ ሲሊንደሩ፣ ሳህኖቹና አንድ ታንከር ውሃ ሲወጡ 144 ኪሎ ቀነሰ። 1,596። የሚከብደውን ከአክስሉ ላይ እስከ ፊት አመጣሁት፣ ጋንቾው 150 ሆነ።

ላንስሊን ተመልሰን ሄድን። ሦስት የጭነት መኪና አለፈን። ምንም።

ቀን 1 እስከ 4፣ ከፐርዝ እስከ ጄራልድተን

ወጣን። ፍጥነት 90፣ ከዚያ አላልፍም። ናፍጣ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ሊትር እየጠጣች ነው፣ ያለ ካራቫን 10 ነበረች። ደቡብ ምዕራብ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን 15፣ ከጎን ሲሆን 18።

ሰርቫንቲስ አደርን። ፒናክልስ የሚባሉትን፣ ከቢጫ አሸዋ ላይ የቆሙትን የኖራ ድንጋዮች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አየን። ጥሩ ናቸው፣ ፎቶ ይበቃቸዋል።

ጄራልድተን የነፋስ አገር ነው። ከከተማው በስተደቡብ ግሪናው አካባቢ ያሉት ዛፎች ግንዳቸው መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚያድጉት፣ የባሕሩ ነፋስ አጎንብሷቸው። ይህን አይቼ እያለፍኩ ማታ የካራቫኗን የሸራ ጥላ ዘርግቼ ተኛሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ክንዱ ተቆልምሞ ተገኘ። ዛፉ ነግሮኝ ነበር። ክንዱ 85 ዶላር፣ ለሦስት ቀን መጠበቅ። ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚያጠምዱትን አየን፣ ባለቤቴ ደግሞ ከጎረቤት ካራቫን ሴትዮ ጋር ተዋወቀች። ሴትዮዋ 79 ዓመቷ ነው፣ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ነው የምትጓዘው። ካራቫኗን ወደ ኋላ ስትከት ከእኔ ትበልጣለች።

ቀን 6፣ ሻርክ ቤይ

ከጄራልድተን በላይ መንገዱ ባዶ ነው። ነዳጅ ያለበት ቦታ ከስንት አንዴ ነው፣ አንዱ ጋ ሊትሩ ከፐርዝ በ48 ሳንቲም ይበልጥ ነበር፣ ቀዳሁ፣ ምን ምርጫ አለ። ሮድ ትሬን የሚባሉት ከአንድ በላይ ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች በዚህ መስመር አሉ፣ ሰሜን ላይ ከ50 ሜትር የሚበልጡም አሉ። የሹፌሮች መነጋገሪያ ሬዲዮውን ቻናል 40 ላይ እተዋለሁ። ከኋላ ሲመጡ «ካራቫን፣ እያለፍኩህ ነው» ይላሉ፣ እኔም «እሺ» እላለሁ፣ ፍጥነቴን አልቀንስም፣ ቀጥ ብዬ እይዛለሁ። አንድ ሹፌር ካለፈ በኋላ አመሰገነኝ። የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ኦቨርላንደር ከሚባለው የመንገድ ዳር ማደያ ተገንጥለን ወደ ዴነም ከተማ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገድ ላይ ሼል ቢች ቆምን። አሸዋ የለም፣ ዳርቻው በሙሉ ጥፍር የምታክል ነጭ ዛጎል ነው፣ ጥልቀቱ ሜትሮች የሚደርስ። በባዶ እግር አይሄዱበትም። ባሕሩ እዚህ ከተለመደው ባሕር በጣም ጨዋማ ነው፣ ውሃው ወደ ውጭ እንደ ልብ አይወጣም፣ ፀሐይዋ ታተነዋለች። ሐምሊን ፑል ላይ ስትሮማቶላይት የሚባሉት አለት መሳይ ሕያዋን የተረፉትም ለዚሁ ነው፣ የሚበላቸው ቀንድ አውጣ ጨዉን አይችለውም።

ያ ጨው ለካራቫን መልካም አይደለም። በሦስተኛው ቀን የኋላ መብራት ጠፋ። አምፖል ቀየርኩ፣ ምንም። ፊውዝ፣ ደህና። ሁለት ሰዓት ከፈጀሁ በኋላ ነው መኪናዋና ካራቫኗ የሚገናኙበትን መሰኪያ የከፈትኩት። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። በጥርስ ብሩሽና በኮምጣጤ አሸሁት፣ በንፁህ ውሃ አጥቤ አደረቅሁት፣ መከላከያ ቅባት ረጨሁበት። በራ። ከዚያ ወዲህ ከመሰኪያው ጀምሬ ነው የምፈልገው።

ቀን 11፣ ካርናርቨን

ሊጡ ፈሰሰ።

ባለቤቴ ማታ አቡክታ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ማጠቢያው ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ፐርዝ ሦስት ቀን የሚፈጅበት ሊጥ እዚህ ሙቀት በአንድ ቀን ተኩል ኩፍ ይላል። በዚያ ላይ መንቀጥቀጡ። ስንደርስ በሩን ስከፍት ሽታው ቀድሞ ወጣ፣ ክዳኑ ወለል ላይ፣ ጤፉ ከማጠቢያው ወርዶ መሳቢያዎቹ ውስጥ። ማንኪያ ሁሉ በሊጥ። እኔ ልናገር ስል «አንዲት ቃል እንዳትናገር» አለች።

አሁን ያለው ዘዴ ይህ ነው። በጉዞ ቀን ሊጥ የለም። እርሾው ብቻ በትንሽ ማሰሮ ፍሪጅ ውስጥ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ። ከሁለት ሌሊት በላይ የምናድርበት ቦታ ስንደርስ ይቦካል፣ በማግስቱ ጠዋት አብሲት ይጣላል፣ ከሰዓት ይጋገራል።

ካርናርቨን ላይ አምስት ሌሊት ስለያዝን ጋገረች። መብራት ያለበት ቦታ፣ ምጣዱ ውጭ ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋሱን በሸራ ከልዬላት። የመጀመሪያው አልሆነም፣ ሁለተኛው ዓይን አወጣ። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። አንዱ ሽማግሌ «ፓንኬክ ነው?» አለ። ባለቤቴ «ቁጭ በል» አለችው በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ ድምፅ። ሽሮ ሠራች። ቡናውም ተፈላ፣ እስከ በረካ ቁጭ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ በቶናው ላይ እንቅልፍ እናጣለን ብለው ተሰናበቱ።

ከተማው ራሱ ሙዝ፣ ፓፓያና ማንጎ ነው። ጋስኮይን ወንዝን ለማየት ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ወንዝ የለም፣ ሰፊ አሸዋ ብቻ። ውሃው ከአሸዋው ሥር ነው የሚሄደው፣ ገበሬዎቹ እየሳቡ ያጠጣሉ። ከላይ የሚፈስሰው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። ሙዝ በመንገድ ዳር በሳጥን ተቀምጦ ይሸጣል፣ ሻጭ የለም፣ ገንዘቡን ቆርቆሮው ውስጥ ትጥላለህ።

ቀን 17፣ ኮረኮንች

ከኮራል ቤይ በስተደቡብ ከዋናው መንገድ ወደ ባሕሩ የሚገባ ጠጠር መንገድ ያዝን፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ። የጎማውን አየር ከ50 ወደ 30 ፒኤስአይ ቀነስኩ። ያም ሆኖ ኮረኮንቹ አጥንት ያላቅቃል። 20 ስሄድ ትንቀጠቀጣለች፣ 40 ስሄድ ትንቀጠቀጣለች፣ የሚስማማት ፍጥነት አላገኘሁም። ስንደርስ ወለሉ ላይ አሥራ አንድ ቪቴ ለቀምኩ። ከየት እንደወጡ ያወቅሁት የሰባቱን ነው። የቁም ሳጥኑ በር ከማጠፊያው ወጥቷል። ቀይ አቧራ በመስኮት ሳይሆን በወለሉ የቧንቧ ቀዳዳ ገብቶ አልጋውን አልብሶታል። ቀዳዳውን በቀረኝ ቢዩታል ደፈንኩት። ያ መስኮት ግን፣ ያ የፊቱ፣ ምንም አላስገባም።

ፍሪጁም በጋዝ አልቀዘቅዝ አለ። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ሜዳ ላይ ካልቆመ በትክክል አይሠራም፣ እኛ ደግሞ የቆምነው ባሕሩን በሚያሳየው አሸዋ ላይ ወደ ጎን አጋድለን ነው። የውሃ ልክ አምጥቼ በቀኝ ጎማ ሥር ጣውላ አስገባሁ። ማታ ውስጡ 6 ዲግሪ ገባ።

ቀን 22፣ ኬፕ ሬንጅ

እዚህ ፓርክ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ ቦታው ከወራት በፊት ኦንላይን ይያዛል። ለስድስት ሌሊት ውሃ ይዞ መግባት ነው። ስለዚህ ኤክስማውዝ ላይ ሁለቱንም ታንከር መሙላት ነበረብኝ፣ 55 ኪሎ ተጨማሪ። በምትኩ የምግቡንና የልብሱን ሳጥን ወደ መኪናዋ የኋላ ወንበር አዛወርኩ። ባለቤቴ ከጎኗ የሽሮ ጣሳ ታቅፋ ገባች። በመንገድ ላይ ኢሙ፣ የሰጎን ዘመድ ነው፣ ልጆቹን አስከትሎ መሐል አስፋልት ቆሞ አሳለፈን ወይስ አሳለፍነው፣ አስር ደቂቃ ፈጀ።

የኒንጋሉ ኮራል፣ ባሕር ውስጥ ጥቃቅን ሕያዋን የሠሩት አለት፣ ከዳርቻው ቅርብ ነው፣ ጀልባ አያስፈልግም። ተርኮይዝ ቤይ ላይ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጌ ገባሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ዋና የተማርኩት በ50 ዓመቴ በከተማው ገንዳ ነው። ዓሣዎቹ ፊቴ ላይ መጡ። የውሃው ፍሰት ወደ ጎን ይወስዳል፣ ሰሌዳው የትኛው ጋ ቆመህ መውጣት እንዳለብህ ይናገራል፣ ቀድሜ ወጣሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን ተከናንባ እግሯን ውሃው ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች። «ምን አየህ?» አለች። «ኤሊ» አልኳት። «ዋሸህ» አለች። እውነት ኤሊ ነበር።

ሶላሩ ለፍሪጁ ማራገቢያ፣ ለመብራትና ለስልክ ይበቃል። ጠዋት 74 በመቶ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሙሉ። ያ ትልቅ ኢንቨርተር አንዴም አልበራም። ክብደቱን ዛሬ መዘንኩት፣ 5 ኪሎ።

ቀን 28፣ ኤክስማውዝ

ከፓርኩ ወጣን። ከሥር ያለውን ሁሉ በንፁህ ውሃ አጠብኩ፣ ባሌስትራው ላይ ቀጭን ዝገት ጀምሯል። እስካሁን ነዳጅ 980 ዶላር፣ ማረፊያ 1,065፣ ጥገና መንገድ ላይ 140።

እንመለስ ወይስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ካራታ ከተማ፣ እንቀጥል እያልን ነው። ባለቤቴ እንቀጥል ትላለች፣ ጤፍ 6 ኪሎ አለ። እኔ ግን ዛሬ እዚህ ስንደርስ ጎማዎቹን ለካሁ። ግራ 41 ዲግሪ፣ ቀኝ 58። ፀሐይ በቀኝ በኩል ነበረች ብዬ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቁሜ ደገምኩት። 36 እና 49። መለዋወጫው ኩሽኔታ ጨርቅ ቦርሳው ውስጥ አለ። ነገ ጠዋት ሳይሞቅ እከፍተዋለሁ።